ቃኘው፦ የፈረሱ ስምና የሻለቃው ዕጣ

የኢትዮጵያ መኳንንት ከክርስትና ስማቸው ይልቅ በፈረሳቸው ስም ሲፎከርላቸው ኖሯል። አጤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አጤ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው ነበሩ። ከእነዚህ ሁሉ ባሕር ተሻግሮ፣ በፈረንጅ መጻሕፍት ሰፍሮ፣ በኮሪያ ምድር ድንጋይ ላይ እስከ መቀረጽ የደረሰው ግን የመጨረሻው ነው። ለአንዳንዱ የከተማ ሰው «ቃኘው» ሲባል ትዝ የሚለው አሥመራ የነበረው የአሜሪካኖች የሬዲዮ ጣቢያ ነው። በዕድሜ ገፋ ያለው ደግሞ ኮሪያ የዘመተውን ሻለቃ ያስታውሳል። ስለ ሻለቃው የሚወራው ወሬ ሁልጊዜ ኮሪያ ላይ ይጀምርና ኮሪያ ላይ ያልቃል። እኔ ግን ከአንኮበር ልጀምር፤ ማብቂያውም ኮሪያ ሳይሆን እዚሁ አዲስ አበባ ነውና።

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው፣ የለመደው ሜዳ ድንገት አልቆ ራሱን ገደል አፋፍ ላይ ያገኘዋል። ከፊቱ የአንኮበር አምባ፣ ከሥሩ ቆላው፣ ከዚያ ማዶ እስከ አዋሽ የሚዘልቀው በረሃ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን ሲገዙ ከመናገሻዎቻቸው አንዱ ይህ አምባ ነበር። ቦታው የተመረጠው ለውበቱ ብቻ አይደለም። ከባሕር በኩል የሚመጣ ነጋዴ፣ መልእክተኛም ሆነ ጠመንጃ ያንን ዳገት ሳይወጣ ሸዋ አይገባም። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የወጣው በዚያው ዳገት ነው። እንግሊዛዊው ካፒቴን ሃሪስም በ1833 ዓ.ም. ክረምት ሦስት መቶ ጠመንጃ በስጦታ ይዞ የወጣው በዚያው ነው።

ሦስት መቶ ጠመንጃ ዛሬ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ለዚያ ዘመን ግን የንጉሡን የቤት ጦር መልኩን የሚለውጥ ነገር ነበር። በሸዋ ዘመቻ ጌትነት የፈረሰኛው ነበር፤ ነፍጥ ተሸካሚው ግን በእግሩ የሚሄድ፣ ከንጉሡ ቤት ቀለብ የሚሰፈርለት፣ ጠመንጃውም የራሱ ሳይሆን የንጉሡ ግምጃ ቤት የሆነ ሰው ነው። እንግዲህ በኋላ ዘመን «ክብር ዘበኛ» የተባለውን ጦር ጠባይ ለማወቅ የፈለገ ሰው ጥንቱን እዚህ ቢፈልገው አይሳሳትም። ባለቤቱ አንድ ሰው የሆነ፣ ያ ሰው ሲነካ አብሮ የሚነካ ጦር ነው።

የሣህለ ሥላሴ ልጅ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ለደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ተድረው በ1844 ዓ.ም. መኰንንን ወለዱ። ከስምንት ዓመት በፊት አንጎለላ ላይ የተወለዱት ምኒልክ ደግሞ የተናኘወርቅ ወንድም የኃይለ መለኮት ልጅ ናቸው። ሁለቱ የወንድምና የእኅት ልጆች ናቸው ማለት ነው። መኰንን በምኒልክ ቤት አደጉ፤ በ1879 ዓ.ም. ሐረር ሲያዝ ገዥ ሆኑ። በኅዳር 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ የኢጣሊያንን ጦር የገጠመውን ቀዳሚ ጦር የመሩት እኒሁ ራስ መኰንን ናቸው። ቀዳሚ ጦር ማለት ዋናው ሠራዊት ሳይደርስ ፊት ፊት ሄዶ አገሩን የሚያይ፣ ጠላቱን የሚለካ ነው፤ በአንድ ቃል የሚቃኝ።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። በፈረንጅኛ የተጻፉ ጽሑፎች «ቃኘው»ን አንዳንዴ «ትርምስን ሥርዓት ያስያዘ»፣ አንዳንዴም «የገለበጠ» ብለው ይፈቱታል። ለሰልፍ ለፉከራ ጥሩ ትርጉም ነው። አማርኛ የሚያውቅ ጆሮ ግን እንዲህ አይሰማውም። ክራር ይቃኛል፤ አገር ይቃኛል። ደርዳሪው አውታሩን እያጠበቀና እያላላ ድምፁን ሲያስማማ «ቃኘው» ይባላል። ዘበኛ ሌሊት ወጥቶ ቁጥቋጦውን ጥሻውን ሲያይ ያድርና «ቃኘው» ይባላል። ሁለቱም ሥራዎች ትዕግሥትና ጆሮ ይጠይቃሉ። የኮሪያው ሻለቃ ስም ያወጣበት ሥራ ደግሞ ይኸው የሌሊት ቅኝት መሆኑን ሳስብ፣ ስሙን ያወጣለት ሰው ሳያውቀው ትንቢት የተናገረ ይመስለኛል።

ጀርመኖች እንዲህ ያለውን ቀላል እግረኛ «ዬገር» ይሉታል፤ አዳኝ ማለት ነው። የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ እ.ኤ.አ. በ1744 የመጀመሪያዎቹን ሲያቋቁም የመለመላቸው ከደን ጠባቂዎችና ከአዳኞች ነበርና ስሙ በዚያው ቀረ። አስተያየታቸው ከእኛው ጋር ይቀራረባል፤ እነሱ ከአደን ወሰዱት፣ እኛ ከክራር። ወደ ዬገሮቹ ኋላ እመለሳለሁ፤ ሲበተኑ ያደረጉት ነገር ለጉዳያችን ይጠቅማልና።

ለመሆኑ የራስ መኰንን ፈረስ ስም ኮሪያ ምን ወሰደው? ነገሩ የሚጀምረው ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ነው። ጃንሆይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው አንድ ትንሽ አገር ሲወረር ሌሎቹ ዝም ካሉ ነገ ተራው የእነሱ መሆኑን ተናገሩ። ሰሚ አልተገኘም። ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ጦር ወደ ደቡብ ሲሻገርና አዲሱ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባላቱን እርዱ ሲል፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በመጀመሪያ ገንዘብ ሰጠ፤ ቀጥሎ ጦር ለመላክ ወሰነ። እኛ ስንጮኽ ያልመጣልንን እኛ ለሌላው እንሂድ ነው ነገሩ።

ይሁንና ታሪክን በአንድ ዐይን ማየት አይገባም። በዚያው ሰሞን የኤርትራ ጉዳይ በዚያው ድርጅት ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ የፌዴሬሽኑ ውሳኔ የተላለፈው በኅዳር 1943 ዓ.ም. ነው። መንግሥት ሠራዊቱን በአሜሪካን መሣሪያና ሥልጠና ለማደስም ይፈልግ ነበር። በግንቦት 1945 ዓ.ም. የቃኘው ሦስተኛ ሻለቃ ወታደሮች ዮክ እና አንክል በተባሉ የኮሪያ ኮረብታዎች ላይ ሌሊት ሲዋጉ፣ በዚያው ወር ዋሺንግተን ላይ አሜሪካ አሥመራ ላለው የጦር ሠፈሯ የምትጠቀምበት ውል ተፈረመ። ሠፈሩም ቃኘው ተባለ። በኋላ ዘመን ተማሪዎቻችን «ለአሜሪካ ጥቅም ነው የሞቱት» ሲሉ ጨርሶ ከሜዳ ያነሱት ነገር አልነበረም። እኔ ግን ውሉን የፈረመውና ኮረብታው ላይ ያደረው አንድ ሰው አይደለም እላለሁ። ወታደሩ ሲሸኝ የተነገረው የጄኔቩን ነገር ነው፤ ያመነውም እሱን ነው።

ሻለቃው የተውጣጣው ከክብር ዘበኛ ነው። የክብር ዘበኛ አዛዥ በዚያን ጊዜ ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ነበሩ፤ ወደ ኮሪያ የሚሄደውን ሰው ያደራጁት እሳቸው ናቸው። የዘመቻው ጠቅላይ አዛዥ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ፣ የመጀመሪያው ሻለቃ አዛዥ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ሆኑ። ወራት የፈጀ ሥልጠና በተራራ ላይ ከተሰጣቸው በኋላ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ጃንሆይ ዓላማ ሰጥተው ሸኟቸው። በባቡር ጅቡቲ ወርደው ጄኔራል ማክሬ በተባለች የአሜሪካን መርከብ ተሳፈሩ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ደረሱ። አብዛኛው ከዚያ በፊት ባሕር ያላየ ሰው ነበር።

ኮሪያ ላይ ከአሜሪካኖቹ ሰባተኛ ክፍለ ጦር፣ ከ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ጋር ተመደቡ። መሣሪያውን እዚያው ተቀብለው እዚያው ለመዱት። ሌላው ያላሰቡት ጠላት ብርዱ ነው። ደብረ ብርሃን ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የሜዳው ሣር በውርጭ ነጥቶ ያድራል፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚያ መተከሉን ማንም አይደነቅበትም። ግን የደብረ ብርሃን ውርጭ ፀሐይ ስትወጣ ይሟሟል። የኮሪያ ክረምት ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፤ ቅዝቃዜውም ሳምንታት ይቆያል። ውሃው በኮዳ ውስጥ ይረጋል፤ ብረት የነካ እጅ ይጣበቃል። የእኛ ደጋ ሰው ብርድ አውቃለሁ ብሎ ሄዶ እንደ አዲስ ተማረ።

ጦርነቱ ራሱ እነሱ ከደረሱ ብዙም ሳይቆይ መልኩን ለወጠ። የመጀመሪያው ዓመት የመግፋትና የመሸሽ ዘመን አልፎ፣ ሁለቱ ወገኖች ትይዩ ኮረብታዎች ላይ ምሽግ ቆፍረው ተፋጥጠዋል። በመካከል ያለው ሸለቆ የማንም አይደለም፤ ቀን ማንም አይወርድበትም። ሌሊት ግን ጥቂት ሰዎች ይወርዳሉ። አንዱ ወገን የሌላውን ምሽግ ለማወቅ፣ ምርኮኛ ለመያዝ፣ ወይም አድፍጦ የሚመጣውን ለመቁረጥ ነው የሚወርደው። ይህ እንግዲህ ቅኝት ነው። የቃኘው ሰዎች በዚህ ሥራ ላይ ነው ስማቸው የወጣው። በጨለማ መሄድ፣ ድምፅ አለማሰማት፣ ከመሬት ጋር ተጣብቆ ሰዓታት መቆየት ለገጠር ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባበት ነገር አይደለም። እረኛ የነበረ ሰው የጅብ ኮቴ ከውሻ ኮቴ ለይቶ አድጓል።

አሜሪካዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1956 በወጣው «ፖርክ ቾፕ ሂል» በተባለው መጽሐፉ ለእነዚህ የኢትዮጵያውያን ቅኝቶች ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። በጣም የነካው ነገር ድፍረታቸው ብቻ አልነበረም፤ የወደቀ ጓድ ጥለው አለመመለሳቸው ነበር። ቁስለኛውም ሬሳውም በሸክም ይመለሳል፤ ለዚያ ሲባል ሌላ ሰው ቢወድቅም። በወታደራዊ ስሌት ይህ ኪሳራ ነው የሚል ይኖራል። ግን ከዚያ የተነሣ ነው፣ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተኩስ ቆሞ ምርኮኛ መለዋወጥ ሲጀመር ከቃኘው የሚመለስ አንድም ምርኮኛ ያልነበረው። በጦርነቱ ጊዜ በየተራ የዘመቱት ከሦስት ሺህ ይበልጣሉ፤ ከተኩስ አቁሙ በኋላ የሄዱት ሲጨመሩ ከስድስት ሺህ በላይ ይሆናሉ። ከ120 በላይ ሞተዋል፤ 536 ቆስለዋል። ፑሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መቃብር ዛሬ የኢትዮጵያዊ መቃብር የለም፤ አፅማቸው አገሩ ገብቷል።

ሌላም አንድ ነገር አለ፤ በሜዳሊያ የማይቆጠር። ወታደሮቹ በጦርነቱ መጨረሻ ዶንግዱቾን በተባለው ቦታ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ሰብስበው ቦህዋ የተባለ ማሳደጊያ አቋቋሙ። የድሃ አገር ወታደር የሌላ አገር ወላጅ አልባ ሕፃን አሳደገ ማለት ነው።

ሻለቃው አንድ አልነበረም፤ ተራው ሲደርስ አንዱ ይገባል ሌላው ይወጣል። የገባው ወደ ቤቱ ወደ ክብር ዘበኛ ይመለሳል። ስለዚህ ቃኘው የተለየ ሰፈር የሌለው፣ በክብር ዘበኛ ውስጥ ተበትኖ የሚኖር ማኅበር ሆነ። ያ ቤት ሲፈርስ አብሮ እንደሚፈርስ ያኔ ያሰበ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

ቤቱ የፈረሰው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ነው። ጃንሆይ ብራዚል በነበሩበት ጊዜ የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድሙ ገርማሜ ንዋይ መንግሥት ለመለወጥ ተነሡ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ከቃኘው ታሪክ ጋር አያይዞ የሚያነበው ሰው ጥቂት ነው፤ ሲነበብ ግን ያማል። ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊን፣ ሻለቃውን ያደራጁትን ሰው፣ የተነሡት ሰዎች የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም አድርገው በሬዲዮ አወጁላቸው፤ ወዲያው ደግሞ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴው ሳሎን ከሌሎች መኳንንትና ሹማምንት ጋር በጥይት ተገደሉ። አብረዋቸው ከወደቁት አንዱ በአምስቱ የወረራ ዓመታት የሸዋን አርበኞች የመሩት ራስ አበበ አረጋይ ናቸው። በሌላው ወገን ደግሞ የምድር ጦሩን ይዘው ክብር ዘበኛን ከወጉት አዛዦች አንዱ ጄኔራል ከበደ ገብሬ ነበሩ፤ ኮሪያ ላይ የቃኘው ጠቅላይ አዛዥ የነበሩት። የኮሪያን ምሽግ አብረው የተካፈሉ ሰዎች አዲስ አበባ መንገድ ላይ ወዲያና ወዲህ ሆነው ተታኮሱ።

ክብር ዘበኛ ተሸነፈ። መንግሥቱ ንዋይ በመጋቢት 1953 ዓ.ም. ተሰቀለ። ጦሩ ፈረሰ፤ ሰዉ ታሰረ፣ ተመረመረ፣ ተበተነ፤ በኋላ በስሙ እንደገና የተቋቋመው ሌላ ጦር ነው ቢባል ይሻላል። በዚያን ሰሞን ከተያዙት የክብር ዘበኛ ወታደሮች አንዱ፣ ከሦስት ወር በፊት ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ጎዳና ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ወርቅ ያመጣው አበበ ቢቂላ ነበር። ጃቶ ከተባለች፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም ከማትርቅ መንደር የተገኘ ሰው ነው። በአድማው እጁ አልነበረበትምና ጥቂት ቆይቶ ተለቀቀ። ስሙ ዓለም ያወቀው አበበ እንኳ ከተጠየቀ፣ ስሙን ጎረቤቱ ብቻ የሚያውቀው የኮሪያ ዘማች ምን እንደ ገጠመው መገመት ከባድ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደርግ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ወደ ስድሳ ከሚጠጉ ሰዎች መካከል ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ይገኙበታል። ቀጥሎም ኢትዮጵያ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ሆነች። በ1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የቆመው የትግላችን ሐውልት ላይ ሰሜን ኮሪያውያን ባለሙያዎች እጃቸውን አኖሩ። የቃኘው ሽማግሌ ከሰሜናዊው የከተማዋ ጥግ ከኮሪያ ሰፈር ወርዶ በሐውልቱ አጠገብ ሲያልፍ፣ በወጣትነቱ ከተዋጋው ወገን የመጣ ቀራጭ የሠራውን ምስል ያይ ነበር። በዚያ ዘመን «ኮሪያ ዘምቻለሁ» ማለት መኩሪያ መሆኑ ቀርቶ መጠርጠሪያ ሆነ፤ ሜዳሊያውን ከሣጥን ሥር ያስገባው ብዙ ነው።

ወደ ጀርመኖቹ ዬገሮች ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1919 የቬርሳይ ውል የጀርመንን ጦር ወደ መቶ ሺህ ሲያወርደው ከዘመናት በፊት የተቋቋሙ ሻለቃዎችና ሬጅመንቶች በአንድ ጊዜ ፈረሱ። የቀረው ትንሽ ጦር ግን አንድ ዘዴ አበጀ፤ እያንዳንዱ ሻምበል የአንድ የፈረሰ ሬጅመንት ወይም ሻለቃ ስምና ትዝታ ጠባቂ እንዲሆን ተደለደለ። ያ ጦር በኋላ ወደ ምን እንደ ተለወጠ ዓለም ያውቃልና ጀርመንን ለአርአያነት አላቀርባትም። ዘዴዋ ግን ልብ ይበሉልኝ፤ ጦር ሲፈርስ ትዝታውን የሚረከብ ሌላ ጦር መመደብ። ለቃኘው እንዲህ ያለ ተረካቢ ከአገሩ ጦር ውስጥ አልተመደበለትም። ንጉሡ ሲወርዱ የንጉሡ ጦር የተባለ ሁሉ አብሮ ወረደ፤ የሣህለ ሥላሴ ግምጃ ቤት ጠባይ ነው።

ተረካቢ የሆነችው ኮሪያ ናት። ጃንሆይ በግንቦት 1960 ዓ.ም. በቹንቾን ከተማ፣ በሐይቁ ዳር የቆመውን የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት መርቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 አጠገቡ ሙዚየም ተከፈተ፤ ጣራው የእኛን ጎጆ ቤት እንዲመስል ተደርጎ ተሠራ። አዲስ አበባ ላይም በ1998 ዓ.ም. አፍንጮ በር አካባቢ መታሰቢያ ቆመ፤ ቁመናው የቹንቾኑ መንትያ ነው። ለዘማቾችና ለልጅ ልጆቻቸው የሚሰጠው እርዳታና የትምህርት ዕድልም ከዚያው ከኮሪያ ይመጣል።

ቹንቾን ላይ ከሐውልቱ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ «የኢትዮጵያ ቤት» የሚል ስም ያለው ቡና ቤት አለ። የተከፈተው ሐውልቱ በተመረቀበት በእ.ኤ.አ. 1968 ነው። በዚያን ጊዜ ቆልቶ ወቅጦ የሚፈላ ቡና ለብዙው የኮሪያ ሰው እንግዳ ነገር ነበር፤ ባለቤቶቹ የኢትዮጵያ ቡና እያስመጡ፣ እዚያው እየቆሉ ለከተማው ሰው አስለመዱት።